የቅጂ መብት ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ኤፕሪል 7 ቀን 2010 ምሽት የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት «የዲጂታል ኢኮኖሚ» የተባለውን ረቂቅ ሕግ በ189 ድጋፍና በ47 ተቃውሞ አሳለፈ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ምክር ቤቱ በዚያን ጊዜ 646 መቀመጫ ነበረው። ቀሪዎቹ የት ነበሩ ካላችሁ፣ አብዛኞቹ ወደየምርጫ ክልላቸው ለመሄድ ሻንጣቸውን እያሰናዱ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ንግሥቲቱ ዘንድ ሄደው ለሜይ 6 ምርጫ ጠርተዋል። ፓርላማው ሊበተን የቀረው የቀናት ዕድሜ ነው።

እንግሊዞች ይህን ሰሞን «የእጥበት ጊዜ» ይሉታል። ያላለቁ ረቂቅ ሕጎች ተሰብስበው፣ መንግሥትና ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ በጓዳ ተነጋግረው፣ የተስማሙበት ይጸድቃል፣ ያልተስማሙበት ይጣላል። በሌላ ጊዜ ሳምንታት የሚፈጅ የአንቀጽ በአንቀጽ ክርክር በሰዓታት ያልቃል። ከ20 ሺህ በላይ ዜጎች «ይህን ሕግ በጥድፊያ አታሳልፉት» ብለው ለእንደራሴዎቻቸው ጽፈው ነበር። ከገዥው ፓርቲ የራሱ አባል ቶም ዋትሰን ተነጥሎ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። አልሆነም። በማግስቱ፣ ኤፕሪል 8፣ ንጉሣዊ ይሁንታ አግኝቶ ሕግ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የዲጂታል ጉዳዮች ሚኒስትሩ ስም ያለበት፣ ለአንድ የምክር ቤት አባል የተጻፈ ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤው «አይፒ አድራሻ» የሚለውን ሲያብራራ «የአእምሯዊ ንብረት አድራሻ» ይላል። አይፒ ማለት የኢንተርኔት ፕሮቶኮል መሆኑን ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅም ያውቃል። ጥፋቱ የጸሐፊ ይሁን የሚኒስትር፣ የሕጉ አከርካሪ የሆነችውን ቃል መሥሪያ ቤቱ እንዲህ አድርጎ ሲፈታት የሳቀው ብዙ ነው።

ስለዚህ ሕግ ብዙ የተጻፈው ከነፃነት አንጻር ነው። «ኢንተርኔት መቆረጥ ቅጣት ሊሆን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጋዜጦቹን ሞልቶት ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሳበኝ ሌላው፣ ብዙም ያልተጮኸለት ጉዳይ ነው። የሒሳቡ ጉዳይ። ሕጉ ያመጣውን ወጪ ማን ይከፍላል? ለመክፈል አቅም ያነሰውስ ምን ይሆናል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊልም ወይም የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች ፋይል ወደሚለዋወጡበት መረብ ይገባል። የእሱን ሥራ ሲያወርዱና ሲያጋሩ ያያቸውን አይፒ አድራሻዎች ይመዘግባል። ዝርዝሩን ለኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ይልካል። ድርጅቱ አድራሻው በዚያ ሰዓት የየትኛው ደንበኛ እንደነበር ከመዝገቡ ፈልጎ ለደንበኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስንት ጊዜ እንደተከሰሰም ይመዘግባል። ደብዳቤው ሰውን ካላረመ፣ ሕጉ ለሚኒስትሩ ሁለተኛ በር ከፍቶለታል፤ መስመሩ እንዲዘገም፣ ወይም ለጊዜው እንዲቋረጥ ማዘዝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደብዳቤው የሚደርሰው ዘፈኑን ላወረደው ሰው አይደለም። ሒሳቡ በስሙ ለሚከፈልበት ሰው ነው። አይፒ አድራሻ ቤትን እንጂ ጣትን አያሳይም። ልጅ ያውርደው፣ ተከራይ ያውርደው፣ የይለፍ ቃል የሌለውን ዋይፋይ ያገኘ ጎረቤት ያውርደው፣ ስሙ የሚጻፈው ባለ መስመሩ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው።

ደግሞ ይህን ሁሉ መዝገብ ማገላበጥ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቅሬታ ሲመጣ ስልክ ማንሳት ገንዘብ ነው። መንግሥት የወሰነው ክፍፍል 75 ለ25 ሆነ። ሦስት እጁን የመብቱ ባለቤት፣ አንድ እጁን የኢንተርኔት ድርጅቱ ይሸፍናል። ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን የኢንተርኔት ድርጅት «ከፈለ» ሲባል ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። በወሩ ሒሳብ ላይ ይጨምረዋል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። መንግሥት ራሱ ከረቂቁ ጋር ባወጣው የተፅዕኖ ግምገማ ጽፎታል። የሕጉ ወጪ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ290 እስከ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል ተሰላ። ለፊልምና ለሙዚቃ ኢንዱስትሪው የሚመለሰው ደግሞ 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ይሆናል ተባለ። የደብዳቤው ዘመቻ ብቻ በእያንዳንዱ ደንበኛ ላይ 1 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ገደማ ቢጨምር፣ በዚህ ምክንያት እስከ 40 ሺህ የሚደርሱ ቤተሰቦች ኢንተርኔታቸውን ሊተዉ እንደሚችሉ ሰነዱ ይናገራል። የኢንተርኔት ድርጅቶቹ በበኩላቸው ወጪው በወር 2 ፓውንድ፣ በዓመት 24 ፓውንድ ይደርሳል ብለው ተከራከሩ። የቶክቶክ እናት ኩባንያ የነበረው የካርፎን ዌርሃውስ አለቃ ቻርልስ ደንስቶን የሙዚቃን ኢንዱስትሪ የማዳን ዕዳ በኢንተርኔት ተጠቃሚ ላይ መጫን የለበትም ሲል በአደባባይ ተናገረ። ነጋዴ ነውና ለኪሱ መናገሩ አይካድም። ሆኖም ስለተናገረው ነገር ትክክል ነበር።

40 ሺህ ቤት በ60 ሚሊዮን ሕዝብ አገር ምን ያህል ነው? ጥቂት ነው የሚሉ ነበሩ። ጥያቄው ግን ስንት ናቸው ብቻ ሳይሆን እነማን ናቸው ነው። በዓመት 1 ፓውንድ ሲጨመርበት ኢንተርኔት የሚተወው የባንክ ሠራተኛ አይደለም። ጭማሪው ለሁሉም እኩል ነው፤ ኪሱ ግን እኩል አይደለም። በጡረታ የምትኖር አሮጊትና በሥራ አጥ ድጎማ የሚኖር ወጣት ነው ከጠርዙ የሚወድቁት። የሚያስገርመው ደግሞ እነዚህ ሰዎች ፊልም በማውረድ የሚጠረጠሩት አለመሆናቸው ነው። በርካሹ ፓኬጅ ላይ ኢሜይል የምትከፍት ሴት ሌላው ላወረደው ፊልም የጥበቃ ወጪ ታዋጣለች። የአብዬን ወደ እምዬ!

ይህ ሁሉ የሆነው ኢንተርኔትን ለድሃው ለማዳረስ በሚጥር መንግሥት እጅ መሆኑ ነው ታሪኩን አስቂኝም አሳዛኝም የሚያደርገው። ጁን 2009 «ዲጂታል ብሪታንያ» የተባለው ትልቅ ሰነድ ሲወጣ፣ በ2012 እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ 2 ሜጋቢት በሰከንድ እንዲያገኝ ቃል ተገብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ 10 ሚሊዮን ገደማ ብሪታንያውያን ኢንተርኔት ጨርሶ ተጠቅመው አያውቁም ነበር። ማርታ ሌን ፎክስ የተባለች የታወቀች የኢንተርኔት ነጋዴ እነዚህን ሰዎች ወደ መረቡ እንድታመጣ በመንግሥት ተሾመች። ጃንዋሪ 2010 ብራውን በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለ270 ሺህ ድሃ ቤተሰቦች ነፃ ኮምፒውተርና የአንድ ዓመት ኢንተርኔት የሚሰጥ ፕሮግራም አስጀመሩ። በአንድ እጃቸው 270 ሺህ ቤት ያስገባሉ፤ በሌላው እጃቸው 40 ሺህ ሊያስወጣ ይችላል ብለው በራሳቸው ወረቀት የጻፉትን ሕግ ያሳልፋሉ። ሁለቱ ነገሮች የተለያየ መሥሪያ ቤት ሥራ ስለሆኑ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው የነበረ አይመስልም። ወይም ነበረ፣ ሰሚ አላገኘም።

አሁን ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ነገሩ ከመንገድ የወጣ ቢመስልም አይደለም።

በዓለም የመጀመሪያው የቅጂ መብት ሕግ ተብሎ የሚታወቀው በንግሥት አን ዘመን እዚያው እንግሊዝ የወጣው ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 10 ቀን 1710 ነው። የዲጂታል ኢኮኖሚ ሕጉ ይሁንታ ያገኘው ኤፕሪል 8 ቀን 2010። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው! ማንም አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም።

ከ1710 በፊት በለንደን መጽሐፍ የማተም መብት በአንድ ማኅበር እጅ ነበር። የአታሚዎችና የመጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበር። ማኅበሩ ከመንግሥት ሳንሱር ጋር ተሳስሮ ይሠራ ነበር፤ ያልተፈቀደ መጽሐፍ አይታተምም፣ የተፈቀደውን ደግሞ የማኅበሩ አባላት ብቻ ያትማሉ። የሳንሱር ሕጉ በ1695 ሳይታደስ ሲቀር ማኅበሩ ጥላ አጣ። ዓመታት ሙሉ ፓርላማውን ወተወተ። መጨረሻ ላይ ያገኘው ሕግ ግን የጠየቀውን አልነበረም። መብቱ ለደራሲው ተሰጠ፤ ያውም ለ14 ዓመት ብቻ፣ ደራሲው በሕይወት ካለ ለሌላ 14። ቀድሞ ለታተሙት 21 ዓመት። የሕጉም ርዕስ «ትምህርትን ለማበረታታት» የሚል ነበር።

የሚገርመው አራተኛው አንቀጽ ነው። መጽሐፍ ሻጭ ዋጋውን ያለ ልክ ከቆለለ ማንም ሰው አቤት ማለት ይችላል። ለማን? ለካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ፣ ለለንደን ጳጳስ፣ ለታላላቆቹ ዳኞች፣ ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች። እነዚህ ሰዎች ሻጩን ጠርተው ጠይቀው ዋጋው በዝቷል ካሉ ዝቅ ያደርጉታል። ከዚያ በላይ የሸጠ በያንዳንዱ መጽሐፍ 5 ፓውንድ ይቀጣል፤ ለዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው። ከዚህም ሌላ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ዘጠኝ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት እንዲገባ ታዘዘ። የዋጋው አንቀጽ በ1739 ተሰረዘ። ቢሰረዝም የመጀመሪያዎቹ ሕግ አውጪዎች ምን እንዳሰቡ ይናገራል። ለአንድ ሰው ብቸኛ መብት ስትሰጥ ሌላው ሰው ከመጽሐፉ እንዳይርቅ ተጠንቀቅ ነው ያሉት። ዋጋ የቅጂ መብት ሕግ አካል ነበር።

በ2010ው ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ዋጋ የተነሳው በአባሪው ግምገማ ውስጥ ነው፤ እሱም እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ቁጥር።

ቤተ መጻሕፍትን ካነሳሁ አይቀር፣ በ1710 ዘጠኝ ቅጂ የተመደበለት ቤተ መጻሕፍት በ2010 ራሱ ተጠርጣሪ ሊሆን ነበር። ነፃ ዋይፋይ የሚሰጥ ሁሉ፣ ካፌው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የሰፈር ቤተ መጻሕፍቱ፣ በሕጉ ዓይን «ደንበኛ» ነው ወይስ «አገልግሎት ሰጪ»? ደንበኛ ከሆነ ተጠቃሚው ላወረደው ደብዳቤ ይደርሰዋል። አገልግሎት ሰጪ ከሆነ የእያንዳንዱን ገቢና ወጪ መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2010 ባወጣው ማብራሪያ ለነዚህ ተቋማት የተለየ ነፃነት እንደማይሰጥ ገለጸ። ምክንያቱም ነፃነት ከተሰጠ ሌባው ወደዚያ ይጎርፋል። አመክንዮው ይገባኛል። ግን ቤቱ መስመር የሌለው ሰው የሥራ ማመልከቻ የሚሞላው በቤተ መጻሕፍት ነው። የካፌው ባለቤት ደብዳቤ ከመጣበት ቀላሉ መፍትሔ ዋይፋዩን መንቀል ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ያለው ታሪክ የዝግመት ታሪክ ነው። ቢቲና ቶክቶክ ፍርድ ቤት ሄዱ። ኤፕሪል 2011 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አብዛኛውን ክርክራቸውን ውድቅ አደረገው፤ ነገር ግን የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የኦፍኮም ወጪ በነሱ ላይ መጫኑ ልክ አይደለም አለ። ማርች 2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተጨማሪ ቀነሰላቸው፤ ከይግባኝ ሰሚ አካሉ የመዝገብ ክፍያም ድርሻ አይኖራቸውም። ደብዳቤውን የማዘጋጀቱ 25 በመቶ ግን ጸና። ሁለት ዓመት ገደማ ከፈጀው ሙግት ያተረፉት የሒሳብ ድልድሉን ብቻ ነበር።

ጁን 2012 ኦፍኮም የተሻሻለውን መመሪያ ረቂቅ አወጣ። ግዴታው ከ400 ሺህ በላይ ደንበኛ ባላቸው ስድስት ትልልቅ ድርጅቶች ላይ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች በ2014 ይላካሉ ተባለ። ደብዳቤ የደረሰው ሰው «እኔ አይደለሁም» ለማለት ከፈለገ ደግሞ 20 ፓውንድ አስይዞ ይግባኝ ይላል፤ ከረታ ይመለስለታል። የሸማቾች ተሟጋቾች እዚህ ላይ ነው የጮኹት። ንጹሕ መሆንህን ለማስረዳት በቅድሚያ ክፈል! 20 ፓውንድ ለአንዱ የምሳ ሒሳብ ነው፣ ለሌላው የሳምንት አስቤዛ። ዝም ብሎ ጥፋተኛ ተብሎ መመዝገብ የሚረክስለት ሰው ይኖራል ማለት ነው።

በ2014ም ደብዳቤ አልተላከም። በዚያ ዓመት ጁላይ መንግሥትና ኩባንያዎቹ በፈቃደኝነት ወደሚሠራ ስምምነት ዞሩ፤ ቅጣት የሌለው፣ «ከትክክለኛው ምንጭ አግኙ» የሚል ምክር የሚሰጥ ኢሜይል። እሱም መላክ የጀመረው በ2017 ነው፣ በ2019 ቆመ። በዚያ ምሽት በ189 ድምፅ ከጸደቀው ሕግ የወጣ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለአንድም ቤት አልደረሰም።

ታዲያ ምን ተጎዳ የሚል ይኖራል። ሕጉ ስላልሠራ 40 ሺዎቹም አልወጡም። እውነት ነው። ግን ያልሠራበት ምክንያት ደግነት ሳይሆን የሒሳብ ጭቅጭቅ መሆኑን አንርሳ።

በሠራባቸው አገሮች ምን እንደሆነ እንይ። ፈረንሳይ ሃዶፒ የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቁማ ሚሊዮኖች ማስጠንቀቂያ ላከች። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ጁን 2009 የመጀመሪያውን ሕግ ሲያየው፣ መስመር የመቁረጥ ሥልጣን ለአስተዳደር አካል አይሰጥም፣ ኢንተርኔት ማግኘት ከመናገር ነፃነት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ያንን ክፍል ሰረዘው። ሕጉ ተሻሽሎ ሥልጣኑ ለዳኛ ተሰጠ። ሴፕቴምበር 2012 የመጀመሪያው ሰው ተፈረደበት፤ 150 ዩሮ። ዘፈኖቹን ያወረደችው እሱ ሳይሆን ሊፋታት የነበረች ሚስቱ ነበረች፤ ራሷም ይህንኑ ተናግራለች። ፍርዱ ግን መስመሩን አልጠበቅህም ነው። ዳውላው ተመታ። በ2013 መስመር የመቁረጡ ቅጣት ተነሳ። የአሥር ዓመቱ ሒሳብ በ2020 ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የፈረንሳይን ግብር ከፋይ 82 ሚሊዮን ዩሮ እንዳስወጣ፣ የተሰበሰበው መቀጮ ግን 87 ሺህ ዩሮ ገደማ እንደሆነ ታወቀ። እዚያ የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው።

ኒውዚላንድ ግን ሌላ መንገድ ሞከረች፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው የእሷ ነው። ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ የመብት ባለቤት ለእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ እስከ 25 የኒውዚላንድ ዶላር ለኢንተርኔት ድርጅቱ እንዲከፍል ተደረገ። ውጤቱ ምን ሆነ? የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ጥቂት ላኩ። የፊልም ስቱዲዮዎቹ ዋጋው በዛብን ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በሳንቲም ይሁንልን ብለው ጠየቁ። መንግሥት 25ቱን አልቀነሰም። እንግዲህ አስቡት። ለንደን ላይ ኢንዱስትሪውን የሚያጠፋ የሚሊዮኖች ኪሳራ የተባለው ነገር፣ ራስህ ክፈልበት ሲባል 25 ዶላር አላወጣም። (በነገራችን ላይ በኒውዚላንድ ጃንዋሪ 2013 የመጀመሪያዋ ተቀጪ 616 ዶላር ከ57 ሳንቲም የከፈለችው በአብዛኛው በሪሃና ዘፈን ነው። የፈረንሳዩም ጉዳይ የሪሃና ዘፈን ነበር። ልጅቱ ምን አድርጋቸው ነው?)

ይህን ስል የሙዚቀኛው ጉዳት ተረት ነው ማለቴ አይደለም። ናፕስተር በ1999 ከመጣ ጀምሮ የተቀዳ ሙዚቃ ሽያጭ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ወርዷል። እኔም በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የጻፍኩት ስሜ ተፍቆ ሌላ ገጽ ላይ ሳገኘው ደስ አይለኝም። ነገር ግን ሽያጩን ያነሳው ደብዳቤ አይደለም። ስፖቲፋይ በ2008 መጨረሻ ብሪታንያ ገባ፣ ኔትፍሊክስ በ2012 መጀመሪያ። የዓለም የሙዚቃ ገበያ ከ2015 ጀምሮ እንደገና ማደግ ሲጀምር የጎተተው በወር የሚከፈል የስትሪሚንግ ገንዘብ ነው። ለዚህ ገበያ ደግሞ ኢንተርኔት ያለው ቤት ያስፈልጋል። ከመረቡ የወጣ ቤት ሌባም አይሆንም፣ ደንበኛም አይሆንም።

የሒሳቡ ጥያቄ በብሪታንያ መልስ ያገኘው በሌላ መዝገብ ነው። የሰዓት ሠሪው የካርቲየር ባለቤቶች አስመሳይ ዕቃ የሚሸጡ ድረ ገጾች እንዲዘጉላቸው ቢቲንና ሌሎቹን ከሰሱ። ጉዳዩ የንግድ ምልክት እንጂ የቅጂ መብት አልነበረም። ጁን 13 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ያላጠፋ አገልግሎት ሰጪ ለሌላው መብት ሲባል ድረ ገጽ እንዲዘጋ ከታዘዘ፣ የመዝጊያውን ወጪ የሚችለው ጥበቃውን የጠየቀው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት 25 በመቶው በተራ ደንበኛ ላይ ሲጫን ይህ ሐሳብ ከነጋዴ ጩኸት በላይ አልተቆጠረም ነበር።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. (በኛ) ነው፤ ካሴት ከሲዲ ጋር በሚታገልበት ዘመን። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ትኩረቱ የሮያሊቲ አሰባሰብና የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ላይ ነበር። ቴሌኮም ድርጅት ደንበኛው ስላወረደው ነገር ምን ኃላፊነት አለበት የሚለው ዋና ጥያቄ አልነበረም። አሁን ግን ደራሲው መጽሐፉ ገበያ በወጣ ሳምንት ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ያገኘዋል። ለማተም ተበድሮ፣ ወረቀቱ ዋጋው ሰማይ ነክቶ፣ ሁለተኛ እትም ሳያይ የቀረ ደራሲ ስንት ነው! አገሪቱ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስትደራደር ቆይታለች፤ አባልነቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን ይዞ ይመጣል። አዋጁ አንድ ቀን እንደገና መከፈቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «ቴሌኮሞቹ ይቆጣጠሩ» የሚል ሐሳብ ከጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ አይደንቀኝም፤ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው፣ ሁለት ድርጅት ብቻ ነው ያለን።

ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። እኛ ኢንተርኔት የምንጠቀመው በአብዛኛው በሞባይል ነው። በሞባይል መረብ ላይ ብዙ ደንበኛ አንድ የጋራ አይፒ አድራሻ ይዞ ይወጣል፤ የትኛው ሰው ምን እንዳወረደ ለማወቅ እያንዳንዱን ግንኙነት በሰዓትና በሰከንድ መዝግቦ ማከማቸት ያስፈልጋል። ኦፍኮም በሜይ 2010 የመጀመሪያውን የመመሪያ ረቂቅ ሲያወጣ የሞባይል ኩባንያዎቹን ከግዴታው ውጭ አድርጓቸዋል፤ አድራሻውን ከሰው ጋር የማገናኘቱ ችግርና ወጪ ከጥቅሙ በልጦ ነው። ብሪታንያ ይከብደኛል ብላ የተወችውን ክፍል እኛ ከጀመርን፣ ማከማቻው ይገዛል፣ ሠራተኛው ይቀጠራል። የቀን ፓኬጅ በሳንቲም ቆጥሮ የሚገዛው ተማሪ ዋጋው ሲጨምር ምክንያቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት አይነገረውም።

ደራሲውስ? በኒውዚላንዱ ስሌት ከሄድን ለያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ከፍሎ የሚችል የአማርኛ ደራሲ አላውቅም። በለንደኑ ከሄድን ደግሞ ያልሰረቀው ተማሪ ይከፍልለታል። በፈረንሳዩ ከሄድን ከተሰበሰበው መቀጮ አንድ ሺህ እጥፍ ሊጠጋ የሚደርስ ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። የ1710ዎቹ ሰዎች ወደ ጳጳስና ወደ ዳኛ የላኩትን የዋጋ አቤቱታ የኛ አዋጅ ወደ ማን እንደሚልከው፣ ረቂቁ ሲመጣ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት የማየው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአባሪው ውስጥ ነው።